የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ መቼ ተሠራ? ከጥንቱስ ምን ቀረ?

ጥያቄው፦ «በሜልበርን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት ስለ ከተማዋ ታላቅ ስታዲየም አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። አንዱ ለ1956 ኦሎምፒክ የተሠራ ነው ይላል፤ ሌላው ከ1853 ጀምሮ የቆመ ሕንፃ ነው ይላል። አበበ ቢቂላ እዚያ ሮጧል ሲባልም ሰምተናል። የክሪኬትን ሕግ የሚያወጣው ክለብ ንብረት ነው የሚልም አንብበናል። የትኛውን እንመን? የትኛውን ዓመት እንጻፍ? ልጆቻችንን ይዘን ብንሄድስ ከጥንቱ ምን እናሳያቸዋለን?»

ከቀረቡት አራት አባባሎች ሁለቱ ፍጹም ስሕተት ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሜዳውንና በሜዳው ዙሪያ የቆመውን ሕንፃ እንደ አንድ ነገር ከመቁጠር ነው። በሜልበርን ቦታው አሮጌ፣ ሕንፃው አዲስ ነው፤ በቦታው ላይ የተሠሩት ትሪቡኖች ደግሞ አንዱ በሌላው እግር እየተተኩ ብዙ ጊዜ ፈርሰው ተሠርተዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር፤ በመጽሔታችሁም ይህን በግልጽ አስፍሩ፤ አለበለዚያ አንባቢ ሰባት ስምንት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላል።

በ1853 ላይ የተሠራ ሕንፃ አልነበረም። በዚያ ዓመት የሆነው፣ የሜልበርን ክሪኬት ክለብ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከነበረው የመንግሥት መስክ ላይ ለጨዋታ የሚሆን ቦታ መረከቡ ነው። ክለቡ የተመሠረተው በ1838 ሲሆን ከተማዋ ራሷ ከተቆረቆረች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ወደዚህ ቦታ የመጣውም በራሱ ምርጫ አይደለም። ቀድሞ ይጫወትበት በነበረው ከያራ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው ሜዳ ላይ የአውስትራሊያ የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር ሐዲድ እንዲያልፍ ስለተወሰነ ክለቡ ተነሣ፤ ባቡሩም በ1854 ሥራ ጀመረ። በአዲሱ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው በዚያው በ1854 ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የተመልካች ማረፊያ ለአባላት ብቻ የተሠራ አነስተኛ የእንጨት ቤት ነበር፤ ሌላው ሰው በሣሩ ላይ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ነበር የሚመለከተው። ስለዚህ 1853ን የምትጠቅሱ ከሆነ «ሜዳው የተሰጠበት ዓመት» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «የተገነባበት ዓመት» አትበሉ።

ቦታው ከዚያ በፊት ባዶ እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም። አካባቢው የኩሊን ሕዝቦች አካል የሆኑት የዉሩንጄሪ ሰዎች ምድር ነው። ዛሬም ስታዲየሙን በከበበው በያራ ፓርክ ውስጥ፣ ቅርፊታቸው በጥንቃቄ ተልጦ የወጣላቸው ያረጁ ባሕር ዛፎች አሉ። ቅርፊቱ ለታንኳ፣ ለጋሻ ወይም ለዕቃ መያዣ የሚውል ሲሆን ዛፉ ሳይሞት ቁስሉን ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ከንፈር አቅፎ ያድጋል። ለልጆቻችሁ በቦታው ላይ ከሁሉ የቀደመውን ነገር ማሳየት ከፈለጋችሁ እነዚህን ዛፎች አሳዩአቸው፤ ከስታዲየሙ ግድግዳ ሁሉ ይቀድማሉና።

የባለቤትነቱን ጉዳይ በአጭሩ ልጨርሰው። የክሪኬትን ሕግ የሚያወጣው ክለብ በለንደን የሚገኘው የሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ነው፤ የሎርድስ ሜዳ ባለቤትም እርሱ ነው። የሁለቱ ክለቦች ስም በምሕጻር ሲጻፍ በአንድ ዓይነት ሦስት ፊደላት ስለሚወከል ነው አንዱ ለሌላው የሚወሰደው። የሜልበርኑ ክለብ ግን የሜዳው ባለቤት እንኳ አይደለም። መሬቱ የሕዝብ ይዞታ ሲሆን በሕግ የተቋቋመ የባለአደራ ቦርድ ይቆጣጠረዋል፤ ክለቡ በባለአደራው ስም ያስተዳድራል፣ ለአባላቱም የተከለለ ሰፊ ቦታ አለው። የክለቡ አባል ለመሆን ተመዝግቦ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ከስታዲየሙ መቀመጫ ይበልጣል፤ ብዙ ወላጆች ልጅ ሲወለድ ስሙን የሚያስመዘግቡትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ክፍል ልግባ። ሜዳውን በዓለም ያስታወቀው በመጋቢት 1877 የተደረገው የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ግጥሚያ ነው፤ ዛሬ በክሪኬት ታሪክ የመጀመሪያው «ቴስት»፣ ማለትም በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለቀናት የሚዘልቀው ከፍተኛው የጨዋታ ዓይነት ተብሎ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት በዚያን ዕለት ሰዎች የታሪክ መጀመሪያ ላይ መሆናቸውን ያውቁ እንደነበር አድርገው ማቅረባቸው ነው። አያውቁም ነበር። ግጥሚያው የመጀመሪያው ቴስት ተብሎ የተቆጠረው ከዓመታት በኋላ የጨዋታ መዝገብ ሰብሳቢዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ዝርዝር ሲያወጡ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው ቡድንም የአገሪቱ ምርጥ አልነበረም፤ በዘመኑ ከሁሉ የገነነው ዊልያም ጊልበርት ግሬስ አልመጣም፤ የቡድኑ በር ጠባቂ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ቆሞ ኳሱን የሚይዘው ቴድ ፑሊ ደግሞ ከውርርድ በተነሣ ጠብ ምክንያት ፍርድ ቤት ለመቅረብ ኒው ዚላንድ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በአውስትራሊያም በኩል ፈጣኑ ወርዋሪ ፍሬድ ስፖፎርዝ እርሱ የፈለገው በር ጠባቂ ስላልተመረጠ አልጫወትም ብሎ ቀርቷል። ታላላቅ ግጥሚያዎች ሲጀመሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተዝረከረኩ ናቸው።

ጨዋታው ራሱ ግን የሚነገርለት ነው። የመጀመሪያውን ኳስ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሾው ወረወረ፤ መቺው ቻርልስ ባነርማን ነበር። ባነርማን ጣቱን በኳስ ተመትቶ እስኪወጣ ድረስ ብቻውን 165 ራን፣ ማለትም በክሪኬት የሚቆጠረውን ነጥብ፣ አስቆጠረ፤ መላው ቡድን ያስቆጠረው 245 ነበርና ከሦስቱ እጅ ሁለቱን እርሱ ሠራ ማለት ነው። እንግሊዝ በ196 መለሰች፤ አውስትራሊያ በሁለተኛው ዙር በ104 ወደቀች፤ ቶም ኬንዳል ሰባት መቺዎችን አስወጥቶ እንግሊዝን በ108 ሲያስቆማት አውስትራሊያ በ45 ራን አሸነፈች። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1977፣ ይኸው ግጥሚያ መታሰቢያ ተደርጎለት በዚያው ሜዳ ሲካሄድ አውስትራሊያ እንደገና ያሸነፈችው በዚያው በ45 ራን ልዩነት ነው። ይህ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ተቀነባብሮ ነበር የሚል ወሬ ብትሰሙ አትቀበሉት።

ከ1877 በፊት ግን በሜዳው ላይ የተደረገ፣ እኔ ከመጀመሪያው ቴስት እኩል የማየው፣ ሌላ ግጥሚያ አለ። በታኅሣሥ 26 ቀን 1866 ከምዕራብ ቪክቶሪያ የመጡ የአገሬው ተወላጆች ቡድን በሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ከክለቡ ጋር ተጫወተ፤ ያሠለጠናቸው ቶም ዊልስ ነበር። ከእነዚሁ ተጫዋቾች መካከል ብዙዎቹ በ1868 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ተጫወቱ፤ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ እንግሊዝን የጎበኘ የመጀመሪያው የክሪኬት ቡድን የእነርሱ ነው። ከእነርሱ የላቀው ጆኒ ሙላ ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ በየዓመቱ ታኅሣሥ 26 በሚጀምረው ቴስት ላይ ከሁሉ የበለጠ የተጫወተው ሰው የሚሸለመው ሜዳልያ በስሙ ተሰይሟል። ማስታወሻነቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ መምጣቱ ራሱ አንድ ታሪክ ነው።

ስለ ትሪቡኖቹ ስንመጣ ለ1877ቱ ጉብኝት ተብሎ በ1876 የተሠራው የእንጨት ትሪቡን ለብቻው መነሣት ይገባዋል። የመቀመጫው ፊት ይገለበጥ ነበር፤ በበጋ ተመልካቹ ፊቱን ወደ ክሪኬቱ ሜዳ ያደርጋል፤ በክረምት ደግሞ መቀመጫው ዞሮ ከውጭ በፓርኩ ውስጥ የሚደረገውን የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ማለትም ኳሱ በእጅም በእግርም የሚነካበትን የአገሪቱን የራሷን ጨዋታ፣ ያሳያል። ይህ የሆነው የክሪኬቱ ሰዎች እግር ኳስ ሣራችንን ያበላሽብናል ብለው ለረጅም ጊዜ ሜዳውን ይከለክሉ ስለነበር ነው፤ ያው እግር ኳስ ግን ሕጉ በ1859 የተጻፈው በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ ከጀማሪዎቹ አንዱ ቀደም ሲል የጠቀስኩት ቶም ዊልስ ነው። ክልከላው እየላላ ሄዶ ዛሬ ስታዲየሙን በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው እግር ኳሱ ነው፤ ክሪኬት በገዛ ሜዳው እንግዳ እስኪመስል ድረስ። ተገልባጩ ትሪቡን ግን በ1884 በእሳት ወደመ። ከእርሱ ምንም የቀረ የለም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ትሪቡኖች አንድ በአንድ መቁጠር አንባቢን ያደክማል። በ1928 የተሠራው የአባላት ሕንፃና በ1930ዎቹ የቆመው የደቡቡ ትሪቡን በዘመናቸው ታላላቆች ነበሩ፤ ዝነኛው የአውስትራሊያ መቺ ዶን ብራድማን 270 ራን ባስቆጠረበት በ1936 እና 37 የበጋ ወቅት ቴስት ላይ በጠቅላላው ከ350,000 በላይ ሰው ገብቶ ተመልክቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1945፣ ሜዳው የወታደር ሰፈር ሆኖ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ጦር አባላት በትሪቡኖቹ ውስጥ ተኝተዋል፤ ጨዋታ አልነበረም።

አሁን ለእናንተ አንባቢዎች ዋናው ወደሆነው፣ ወደ 1956 ልምጣ። ስታዲየሙ ለኦሎምፒክ አልተሠራም፤ ለኦሎምፒክ ተለወጠ። በየት ይሁን በሚለው ላይ ባለሥልጣናቱ ለዓመታት ከተከራከሩና ሌላ የከተማዋ ሜዳ ከታሰበ በኋላ በ1953 ይህ ሜዳ ተመረጠ። በሰሜን በኩል የነበረው አሮጌ ትሪቡን ፈርሶ በምትኩ የኦሎምፒክ ትሪቡን የተባለው ተሠራ፤ ወለሉ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ተስተካከለ፤ የመሮጫ መም ተነጠፈ። ኅዳር 22 ቀን 1956 ከ100,000 በላይ ተመልካች በተገኘበት በዓሉ ተከፈተ። መሙ ለጊዜው ብቻ የተነጠፈ ስለነበር ጨዋታው እንዳበቃ ተነሣ። የኦሎምፒኩ ትሪቡንም ከ2003 ጀምሮ በተካሄደው ግንባታ ፈርሷል። ስለዚህ ዛሬ ሄዳችሁ «ይህ የ1956ቱ ሕንፃ ነው» ብላችሁ ልጆቻችሁን ፎቶግራፍ የምታነሡበት ግድግዳ የለም።

ለኢትዮጵያ ግን ይህ ሜዳ እንደሌላው ስታዲየም አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በሜልበርን ነው፤ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ በኦሎምፒክ መክፈቻ ሰልፍ ላይ በመጀመሪያ የታየውም በዚህ ሜዳ ላይ ነው። የተላከው ቡድን ጥቂት ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ብቻ የያዘ ነበር። ከሯጮቹ አንዱ ማሞ ወልዴ ሲሆን፣ የሮጠው በኋላ በታወቀባቸው ረጅም ርቀቶች ሳይሆን በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር፤ ከማጣሪያም አላለፈም። ይኸው ሰው ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ማራቶንን አሸንፎ በ10,000 ሜትር ብር አጠለቀ፤ በ1972 በሙኒክ ደግሞ በማራቶን ነሐስ ጨመረ። በሜልበርኑ ማራቶን ሁለት ኢትዮጵያውያን ሮጠው ጨርሰዋል፤ መነሻውና መድረሻው ይኸው ስታዲየም ነበርና በተመልካቹ ፊት ወደ መሙ ገብተው ነው የፈጸሙት፤ አሸናፊው ግን ለፈረንሳይ የሮጠው የአልጄሪያ ተወላጅ አላን ሚሙን ነው። እነ ገረመው ደምቦባ የተወዳደሩበት የጎዳና ብስክሌት ከከተማዋ በስተ ሰሜን በብሮድሜዶውስ ስለተካሄደ ከስታዲየሙ ታሪክ ጋር አታቀላቅሉት።

አበበ ቢቂላ በሜልበርን አልተወዳደረም። የመጀመሪያው ኦሎምፒኩ በ1960 የሮማው ነው። ይህን ስሕተት በጽሑፋችሁ ውስጥ በትሕትና አርሙት፤ ምክንያቱም የአበበ ስም በሐሰት ሲገባ በእውነት እዚያ የነበሩት ሰዎች ስም ይሸፈናል። ቦታው የእነርሱ ነው።

ከኦሎምፒክ በኋላ ባለው ዘመን የተመልካች ቁጥር ሲጠቀስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1959 የአሜሪካዊው ሰባኪ የቢሊ ግራሃም ጉባኤ በሜዳው ውስጥ ከ130,000 በላይ ሰው ሰብስቧል ይባላል፤ ሣሩ ላይ ጭምር ሰው ስለተቀመጠ ቁጥሩ ግምት ነው፣ ምንጮችም አይስማሙበትም። በ1970 የቪክቶሪያ እግር ኳስ ፍጻሜ ላይ የተመዘገበው 121,696 ግን በበር የተቆጠረ ነው። ዛሬ ስታዲየሙ በመቀመጫ የሚሞላ በመሆኑ የሚይዘው ወደ 100,000 ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቀድሞውን ቁጥር ከዛሬው ጋር አስተያይቶ «ተመልካች ቀነሰ» ማለት ስሕተት ነው። የቀነሰው ቆሞ የሚመለከት ሰው ቦታ ነው።

በክሪኬት በኩል ይህ ሜዳ ሁለተኛ መጀመሪያም አለው። በ1970 መጨረሻ ሊደረግ የነበረ ቴስት በተከታታይ ዝናብ ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ፣ የገቢውን ጉድለት ለማካካስና ሕዝቡን ለማስደሰት ተብሎ ጥር 5 ቀን 1971 በአንድ ቀን የሚያልቅ ግጥሚያ ተዘጋጀ፤ 46,006 ሰው ተገኘ፤ አውስትራሊያም አሸነፈች። ዛሬ የዓለም ዋንጫ የሚካሄድበት የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ክሪኬት የተጀመረው እንዲህ ባለ የዝናብ ቀን ማካካሻ ነው። የካቲት 1 ቀን 1981 ደግሞ ኒው ዚላንድ በመጨረሻው ኳስ ስድስት ራን ብታገኝ አቻ መውጣት በምትችልበት ቅጽበት፣ የአውስትራሊያው አምበል ግሬግ ቻፔል መቺው ኳሱን ወደ ላይ አንሥቶ እንዳይመታው ወንድሙን ትሬቨርን በመሬት ላይ አንከባልለው ብሎ አዘዘው። በጊዜው ሕጉ ይፈቅድ ነበር፤ የሁለቱ አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ አወገዙት፤ ሕጉም ተለወጠ። በ1992 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በኢምራን ካን የተመራችው ፓኪስታን እንግሊዝን በ22 ራን አሸንፋ ዋንጫውን የወሰደችው፣ በ2015 ደግሞ አውስትራሊያ በ93,013 ተመልካች ፊት ኒው ዚላንድን የረታችው በዚሁ ሜዳ ነው። የአውስትራሊያው ወርዋሪ ሼን ዋርን 700ኛውን የቴስት ዊኬት (ዊኬት አንድ መቺን ከጨዋታ ማስወጣት ነው) በታኅሣሥ 2006 ያገኘውም እዚሁ፣ ባደገበት ከተማ ነው፤ በ2022 ሲሞት ታላቁ የደቡብ ትሪቡን በስሙ ተጠራ።

ዛሬ የምታዩት ሕንፃ በዋናነት ሁለት ዕድሜ አለው። የደቡቡ ግማሽ፣ አሁን በዋርን ስም የሚጠራው፣ የተከፈተው በ1992 ነው። የሰሜኑና የምዕራቡ ክፍል የተጠናቀቀው ለ2006ቱ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ነው፤ ያ ግንባታ የኦሎምፒኩን ትሪቡንና የ1928ቱን የአባላት ሕንፃ አብሮ አፍርሷል። በግሌ የአባላቱ ሕንፃ መፍረስ ጉዳት ነበር እላለሁ፤ ጡቡና በረንዳው የቀድሞውን ክሪኬት መልክ ይዞ ነበርና። ይሁንና ያን ያህል ሕዝብ በደኅና ሊያስገባና ሊያስወጣ አይችልም ነበር፤ ክርክሩም በዚያ ተዘጋ።

«ቢያንስ መሬቱ ያው ነው» የሚል ቢኖር በከፊል ብቻ ልክ ነው። በሜዳው መሃል ኳሷ የምትነጥርበት 20 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ጠፍጣፋ መደብ፣ ፒች የሚባለው፣ የ1877ቱ አይደለም። እግር ኳሱ ክረምቱን ሙሉ ሜዳውን ስለሚይዘው፣ ፒቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብረት ማዕቀፍ ውስጥ ተለይቶ ያድግና የክሪኬት ወቅት ሲደርስ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭኖ መጥቶ በተዘጋጀለት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ክብደቱ ከ20 ቶን ይበልጣል። ይህ አሠራር ሁለቱን ጨዋታዎች አስታርቋል፤ ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ የተተከለው ፒች ከቦታው አፈር ጋር አብሮ እንዳደገው ስለማይሰነጠቅ በ2017 የተደረገው ቴስት ሕይወት አጥቶ አቻ ተጠናቀቀ፤ ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤትም ፒቹን «ደካማ» ብሎ መዘገበው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ሜዳው የተሰጠበትን 1853፣ የመጀመሪያው ቴስት የተደረገበትን 1877 እና ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ የተሰለፈችበትን 1956 ጻፉ፤ ከፎቶግራፉ ሥር ግን የሕንፃውን ዕድሜ 1992 እና 2006 በሉ። አንድ ገጽ ብቻ ካላችሁ ክሪኬቱን አሳጥራችሁ ለ1956ቱ ቡድን ስፍራ ስጡ፤ ባነርማንን ሌሎች ደጋግመው ጽፈውታል፣ ማሞ ወልዴ በዚህ ሜዳ ላይ ከማጣሪያ መውደቁን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ለጉብኝት ግጥሚያ በሌለበት ቀን ሂዱ፤ አስጎብኚ የሚመራው ዙር የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ በፓርኩ ውስጥ ያሉትን ዛፎች አሳዩ፤ ከዚያ በበሮቹ ዙሪያ ያሉትን የብራድማን፣ የዋርንና በ1956 ሦስት ወርቅ ያጠለቀችውን የቤቲ ከትበርትን ሐውልቶች አልፋችሁ ግቡ፤ በስታዲየሙ ውስጥ ላለው የስፖርት ቤተ መዘክርም በቂ ሰዓት ተዉ። በአካባቢያችሁ የ1956ቱን ቡድን በሜልበርን የተቀበለ ወይም ያየ አዛውንት ወይም የቤተሰቡ አባል ቢገኝ፣ ከጉብኝቱም ከጽሑፉም በፊት እርሱን አነጋግራችሁ ቃሉን በድምፅ ቅዱ።